ከጫካ ላልተመለስከው

ውድ ባለቤቴ፣

«ባለቤቴ» ብዬ ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ባለፈው ወር ሌላ ሰው አግብቻለሁና። ግን ሌላ አጠራር ፈልጌ አጣሁልህ። ይህን ደብዳቤ ጻፊ ያሉኝ እናትህ ናቸው። «ከሰው አፍ ከሚሰማ ራስሽ ንገሪው» አሉኝ፣ ልክ ጎረቤት ቤት ያለህ ይመስል። የት ብዬ ነው የምልከው ብላቸው፣ «አንቺ ጻፊ እንጂ፣ የመላኩን ነገር እኔ ምን አውቄ!» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። እንግዲህ ካንተ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልንገርህ።

ያን ቀን የሥራ ጓደኞችህ የነገሩን ይህን ብቻ ነበር። ለአዲሱ መንገድ መስመር ስትቀይሱ ውላችሁ መኪናው ጋ ከደረሳችሁ በኋላ፣ አንተ «የመለኪያ ገመዱን ረስቼዋለሁ፣ መጣሁ» ብለህ ወደ ጫካው ተመለስክ። ስታፏጭ ይሰሙህ ነበር። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፣ ጓደኞችህ ተጣሩ፣ መልስ የለም። ገመዱ ከተውክበት ግንድ ላይ እንደተጠቀለለ ተገኘ፤ አንተ ግን የለህም። በማግስቱ የመጡት ውሾች ሽታህን ይዘው እስከ ጅረቱ ሄዱና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የአሠልጣኛቸውን ፊት ያዩ ጀመር። ደም የለ፣ የተቀደደ ልብስ የለ፣ ዱካ የለ። አንድ ሙሉ ሰው እንዴት እንደ ጉም በንኖ ይቀራል?

ሰው መቼስ ዝም አይልም። አንዱ አውሬ በላው አለ፣ ሌላው ድንበር ተሻገረ አለ። ከቤታችን በታች ያለው ባለሱቅ ደግሞ ሴት ይዞ ጠፍቷል ብሎ አስወራ። እናትህ ይህን ሲሰሙ ነጠላ ጫማቸውን እንዳጠለቁ እኔን አስከትለው ሱቁ ሄደው፣ በደንበኛ ፊት አፋጠጡት። «የኔ ልጅ? ሴት ይዞ? ካልሲውን እንኳ ያለ ሚስቱ ፈልጎ የማያገኘው ልጅ?» ሱቅ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አንተ ከጠፋህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናትህ አጠገቤ ቁጭ ብለው ጀርባዬን እያሻሹ ባለሱቁን በዓይናቸው ሲቆጡት ቆዩ።

በዚያው ሰሞን ጓዛቸውን ጠቅልለው እኔ ጋ ገቡ። «ብቻሽን ስትሆኚ አትበይም» ነበር ምክንያታቸው። እኔ ፊት ለፊቱ ክፍል የስፌት መኪናዬ ላይ ስሆን፣ እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ፤ በዚያውም ስፌቴን ይተቻሉ። ደንበኞቼም ለቀሚሱ ይመጡና ለእናትህ ጨዋታ ይቆያሉ። ካንተ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሐዘንተኞች ሆነን እንዴት እንደምንችለው አላውቅም ነበር። ቻልነው፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ደህና ነበርን። ይህን ስነግርህ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ።

አሁን ስለ ረጅሙ። ስሙን ያወጡለት እናትህ ናቸው፤ የፍለጋ ቡድኑ መሪ ነበር። ፍለጋው በቃ ተብሎ ከቆመ በኋላም በየበጋው የዕረፍት ጊዜውን እየወሰደ፣ ማንም ሳያዘው፣ እናትህን ይዟቸው ጫካ ይገባል። እሳቸው ከኋላው አንተን በስምህ እየጠሩ፣ መለስ ብለው ደግሞ «ቀስ በል እንጂ አንተ ረጅም! ሁለት እግር ነው ያለኝ!» እያሉ ይከተሉታል። ሲመለሱ እኔ በር ላይ እቆማለሁ። እሱ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ዛሬም አላገኘነውም» ይለኛል። አንድም ቀን ሰው ልኮብኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ራሱ መጥቶ ነው የሚነግረኝ። አንድ በጋ ላይ በሩ ላይ ቆሜ የምጠብቀው ወሬውን ሳይሆን እሱን መሆኑ ገባኝ። ደነገጥኩ። ለብዙ ጊዜ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ዓመት «ብንጋባስ?» አለኝ። በሕግ ግን ያንተ ሚስት ነበርኩ። ፍርድ ቤት ሞተሃል ብሎ እስኪወስን መጋባት አንችልም፤ ለዚያ ደግሞ የእናትህ ቃል ያስፈልግ ነበር። እየፈራሁ ነገርኳቸው። የሚተክሉትን ቁልፍ አስቀምጠው፣ «ረጅሙ ጥሩ ልጅ ነው፤ ብታገቢው ደስ ይለኛል» አሉ። «ልጄን ግን በገዛ አፌ አልገድለውም።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ማንም ማንንም አልገፋም። ሦስታችን ምሳ እየበላን ስለ ሌላ ሌላው እናወራ ነበር። ምርጫ ቢሰጠኝ እሳቸውን አስከፍቼ አላገባም ነበር፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ከዚያ አንዲት የባዮሎጂ አስተማሪ ጠፋች። ተማሪዎቿን ቅጠል ሊሰበስቡ ወደዚያው ጫካ ወስዳቸው ነበር። ልጆቹ በሙሉ አውቶቡሱ ጋ ደረሱ፤ እሷ «አንዲት ቅጠል ልቁረጥ» ብላ ዞር እንዳለች ቀረች። ረጅሙ ስልክ ሲደወልለት እኛ ቤት ነበር። ቀና ስል እናትህ የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅሩ፣ መንገዱ ከባድ ነው» አላቸው።

«አንተ ሳትወለድ መራመድ ችያለሁ» አሉት። እኔም የስፌት ክፍሌን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ያን ቀንም በማግስቱም በድምፅ ማጉያ ስሟ ተጠራ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ውሾች ጮሁ። ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት እናትህ ጉልበታቸውን ይዘው አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡና፣ «ኧረ ዝም በሉ እስቲ! እኔ ብሆን እንዲህ የሚጮህብኝ ሰው ሲመጣ እደበቃለሁ!» አሉ። ረጅሙ ትክ ብሎ አያቸው። የጠፋ ሰው ሲደነባበር ከሚፈልጉት ሰዎች የሚደበቅበት ጊዜ እንዳለ ያውቅ ነበርና፣ ሰዎቹን ሁሉ ዝም አሰኝቶ ማጉያውን ሰጣቸው።

እናትህ አልጮኹም። መስኮቱ ሥር እንደሚያወሩት ማውራት ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን ያመመኝ አሮጊት ነኝ፤ ከዚህ ግንድ ላይ የሚያስነሳኝ የለም። ዳቦ ይዘናል። ሻይም አለ፤ ስኳሩ በዝቶበታል፣ ምራቴ ናት ያፈላችው። እጇ ለስፌት እንጂ ለሻይ አልተፈጠረም። ስፌቱም ቢሆን...»

የፍለጋ ሰዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። እኔ ፊቴ ቀላ፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። ስለ ቤታችን የሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ ረጅሙ ጫማ ሽታ አወሩ። «ማንም አይቆጣሽም» አሉ በመሃል፣ «ልጆቹም ቤታቸው ገብተዋል።»

ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። አስተማሪዋ በአራት እግሯ እየዳኸች ወጣች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፣ ፀጉሯ ቅጠል ለብሷል። «ልጆቹ... እውነት ገብተዋል?» አለች። ለካ ልጆቹ የጠፉ መስሏት፣ ሰዎቹ ሊከሷት የመጡ መስሏት ነበር የተደበቀችው።

«ገብተዋል፤ ይኼኔ እናቶቻቸውን እያስቸገሩ ነው። ነይ ሻይ ጠጪ» አሏት።

ሆስፒታል ልንጠይቃት ስንሄድ እናትህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ሲሆኑ ምን ይመስላል?» አሏት። ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ የገባት ይመስለኛል።

«መጀመሪያ በጣም ፈርቼ ነበር» አለች። «ዞር ስል መንገዱ የለም። ሮጥኩ፣ ጮህኩ። በኋላ ግን ብርዱም ተወኝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ እናቴ ከወጥ ቤት ስትጠራኝ ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎት እማማ፣ እርስዎም እሷ መስለውኝ ነው የወጣሁት።»

«መጨረሻ ላይ አይፈራም ማለት ነው?»

«አይፈራም።»

እናትህ ብርድ ልብሷን እግሯ ድረስ ሳብ አድርገው አለበሷትና ተነሡ። መንገድ ላይ ክንዴን እንደያዙ ብዙ ሄድን። ከዚያ፣ «እኔም እኮ ስጠራው ነበር» አሉ። «ሰምቶኝ ይሆናል።» እጃቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

በሳምንቱ ራሳቸው ቀሰቀሱኝና ፍርድ ቤት ሄድን። ዳኛው «ልጅዎ ሞቷል ብለው ያምናሉ?» ሲሏቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ልጅሽ ጠፍቷል ሲሉኝ ኖሩ። ልጄ አልጠፋም፤ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ጫካው ውስጥ ነው። የማላውቀው የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ብቻ ነው። ወደ ቤት ግን አይመለስም። ይህን እናቱ ብያለሁ። ይቺ ልጅ ትዳሯን ትያዝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠራረጉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የቆምኩት፤ ረጅሙ ደጅ በረንዳው ላይ ነበር፤ መግባት አልደፈረም።

ሠርጋችን ትንሽ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። የረጅሙ አክስት እናትህን «እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» ሲሏቸው ሰማሁ። «የሙሽራዋ እናት ነኝ!» አሉ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ። አሁንም አብረን ነን። ረጅሙ የእሳቸው ክፍል በር ላይ ጎንበስ ማለት እየረሳ ግንባሩን ይመታል፤ እሳቸው «ቤቱን አታፍርስብን!» ይሉታል።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን አንተ ጋ መጥተን ነበር። ማጉያ አልያዝንም፣ ካርታ አልያዝንም። ረጅሙ ጫማውን አውልቆ እግሩን ጅረቱ ውስጥ ነከረ። እናትህ አልተጣሩም፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፈው ጥቂት አንጎላጁና እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ መጀመሪያ አንተን፣ በኋላም አስተማሪዋን ፍለጋ እዚያ ጫካ ስገባ ቁጥቋጦ ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ ገደል ሥር ነበር የማየው። ያን ቀን የምፈልገው ነገር ስላልነበረ ቀና አልኩ። ለካ ዛፎቹ አናታቸው ላይ ነጫጭ አበባ አላቸው። ብርሃኑ በመሃላቸው እየተንጠባጠበ እናትህ ፀጉር ላይ ያርፋል።

ያለህበት ቦታ ያምራል። ይህን ልነግርህ ነው የጻፍኩት።

በሰላም ዕረፍ። እናትህን እኔ እጠብቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ይጠብቁኛል።

ሚስትህ የነበርኩት፣
የእናትህ ልጅ