ከስልኩ መስኮት ውጪ የቀረ እጅ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ይድረስ ለልጄ፣ ለቢጉዲኔ፤

በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ብዬ ስጠራሽ እንደምትኮሳተሪ አውቃለሁ። ፀጉር ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብለሽ በፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲን ስትጫወቺ ነው ያደግሽው፤ ደንበኞቼ ያወጡልሽ ስም ነው፣ እኔ ምን አባቴ ላድርግ? እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ገና ከሩቁ ያኮርፋል።

መደወል ስትችል ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንዳትዪ። በስልክ ስጠይቅሽ "እማ፣ ኔትወርኩ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤን ኔትወርክ አይቆርጠውም። ስለዚህ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀድም፤ ግራ እጅሽ ምን ሆነ?

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት፣ ደረጃ መውረድ ቢያቅተኝ አንቺ ካገኘሽልኝ፣ በስልክ ቪዲዮ ከምታየኝ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ነበረን አይደል? ከታች ያለው ጫማ ሰፊ እንደ ልማዱ ሊረዳኝ መጣ። ባለፈው ጊዜ ሐኪሟ ትከሻዬን ልታይ ስትል እሱ ጣሪያውን ሲያሳያት ቆይቶ ስለተሳቀበት፣ አሁን ዘዴ አምጥቷል። አንድ ትልቅ ቦት ጫማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ስልኩን አፉ ውስጥ ሰካው። "ባለቤቱ እስከ ሰኞ አይመጣም፣ ይታከሙበት" አለኝ።

አንቺም ካለሽበት ገባሽና ሦስታችንም ስልኩ ላይ በየመስኮታችን ተደረደርን፤ ሐኪሟ ከላይ፣ እኔና አንቺ ከታች። ወዲያው ሐኪሟ በር ልትዘጋ ብድግ ስትል ምን አየሁ መሰለሽ? ከወገብ በላይ ነጭ ጋዋን፣ ከወገብ በታች ፒጃማና ሸበጥ! ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለካ ሰው በዚህ ስልክ የሚያሳየው የፈለገውን ብቻ ነው። ከዚያማ ይሄ ነገረኛ ዓይኔ ከመስኮቱ ውጪ የቀረውን ሁሉ ማወቅ አማረው። ሐኪሟን ጨርሼ ወደ አንቺ ዞርኩ።

እንደምታውቂው ሐኪሟ "እንዲህ ያድርጉ" ስትለኝ ቶሎ አይገባኝም፤ አንቺ ሠርተሽ ታሳዪኛለሽ፣ እኔ አንቺን አይቼ እከተላለሁ። "እስኪ ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ፣ እስከቻሉበት" አለች። ያንቺ ቀኝ እጅ ብቻ ተነሣ። እኔም እንዳየሁት ቀኜን ብቻ አነሣሁ። "ሁለቱንም፣ እማማ" አለችኝ። አንቺን አየሁ፣ ጠበቅኩ። ያቺ መስኮትሽ ጥቁር አለች። "ኔትወርኩ ነው" ስትዪ ግን ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ደግሞ ያ ፀጉርሽ! ጫፉን ልከርክምልሽ ስልሽ ሰፈር እስኪሰማ ታለቅሺ የነበርሽው ልጅ፣ ድንገት አጭር ተቆርጠሽ ስልኩ ላይ ብቅ ብለሽ "ሙቀት ነው እማ" አልሽኝ። አመንኩሽ፣ እኔ ሞኟ! በአንድ እጅ ፀጉር ጠቅልሎ ማሰር እንደማይቻል ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፀጉር ስይዝ ኖሬ የገዛ ልጄ አመለጠችኝ።

ወድቀሽ ነው? ሥራ ቦታ የከበደ ዕቃ አንሥተሽ ነው? ታመሽ ነው? ወይስ እጁን ያነሣብሽ ሰው አለ? የትኛውም ቢሆን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ዋሸሁ፣ እቆጣለሁ፤ አንቺን ግን አይደለም።

እማን ላላስጨንቃት ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ አለማወቅ ነው፤ ከሐሙስ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? "የሚያምሽን ሁሉ ለሐኪሟ ንገሪያት፣ አትደብቂ" እያልሽ የምትቆጪኝ ማን ነበር?

አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሐኪሟን ለመንኳት። የሚቀጥለውን ሐሙስ ቀጠሮዬን ለልጄ ስጪልኝ አልኳት። "ራሷ ፈቅዳ ከገባች በደስታ አያታለሁ፣ በግድ ግን አይሆንም" አለችኝ። ጫማ ሰፊውም በር ላይ ደርሶ ቦት ጫማውን ለሐሙስም እንደሚያቆይልኝ ነገረኝ። ባለቤቱን ምን ሊለው እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ ቀጠሮው ላይ ግቢ ልጄ፣ እባክሽ። እኔ እስከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት ይዤ እጄን ማንሣት ጠዋትና ማታ እየተለማመድኩ ነው። ሐኪሟ "እጅ ወደ ላይ" ስትል በዚህኛው ሐሙስ የማሳይሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ እኔን እያየሽ ተከተዪኝ። እጅሽ እስከ ላይ ካልተነሣልሽም ከደረሰበት እንጀምራለን።

ፈጣሪ ግራሽንም ቀኝሽንም ይጠብቅልኝ። የምትደገፊበት ትከሻ አያሳጣሽ፣ የኔው የዛገው ቢሆንም።

እናትሽ

ረስቼው፤ ፀጉርሽን የቆረጠው ሰው በጆሮሽ በኩል አንጋዶታል። ሌላ ሰው እንዳታስነኪው፣ ስትመጪ እኔ አስተካክልልሻለሁ። እጄ እንደ ድሮው ከፍ አይልም፤ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ካልሽልኝ ራስሽ ላይ ይደርሳል።