በአክብሮትዎ ብዛት ስለበሰለው ሙዛችን

ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የሙዝ ጭነት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን፣ የቢሮዎም ማራገቢያ አይቁምብዎ እያልኩ፣ እኔ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የማለማው ዕዝራ አሮን፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር ይህን በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድ መኪና ሙዝ ከከተማ አይወጣምና፣ አስቀድሜ ስላከበሩን አመሰግናለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያዎ ሚሪያም ለእያንዳንዱ ገበሬ ዕድሜ ልኩን የማይለወጥ አጭር መለያ ቁጥር ይሰጠው ብላ ስትለምንዎ፣ ሰው እስረኛ ነው እንዴ በቁጥር የሚጠራው ብለው ገሥጸው፣ መለያችን ማዕረጋችን፣ ስማችን እስከ አያታችን፣ ቀበሌያችንም ጭምር እንዲሆን አዘዙ። እሰይ! ገበሬን አቶ ብሎ የሚጠራ ኮምፒውተር ሌላ የት ይገኛል? ብቻ አክብሮቱ ከብዶናልና ቅሬታዬን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ይህ ረጅም መለያ በየሚዛኑ፣ በየጭነቱና በየፈቃዱ መዝገብ ላይ እንዳለ ስለሚደገም፣ ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ለማግኘት ስሞቻችንን ከነአያቶቻችን ፊደል በፊደል ሲያስተያይ ይውላል። እኛ በመስኮቱ ሥር ቆመን እንጠብቃለን። በአረንጓዴው የተቆረጠ ሙዝ ግን በአርባ ምንጭ ፀሐይ ማንንም አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ልጄ ዕድላዊት ምዕራብ ዓባያ ተዳረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሠርጉ በኋላ ከራሷ ማሳ ሙዟን አስጭና ብትመጣ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት የሚለውን ወይዘሮ ብሎ አረመላት። ያን ጊዜ ወይዘሪት ተብላ የተመዘገበችበት የቀድሞ ጭነትና ፈቃድ ሁሉ አብሮ መታረም ነበረበትና ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። የሰልፉ ሁሉ ፈቃድ ቆመ፣ ሙዙ መኪናው ላይ ቢጫ ሆነ፣ ነጋዴውም አልፈልግም ብሎ ሄደ። ሰዉ የረገመው የልጄን ሠርግ እንጂ ጽሕፈት ቤትዎን አይደለም፤ እንኳን ደስ አለዎት። ልጄ ግን ገና ሙሽርነቷ ሳይወጣላት በባሏ ቤት ገደ ቢስ ተብላለች።

ሦስተኛ፣ አቤቱታችንን ሰምተው ያደረጉትን ማሻሻያ ሰማን። ከእንግዲህ ፈቃዱን የሚያጸድቀው ኃላፊ ስምና ማዕረግም በእያንዳንዱ ፈቃድ መለያ ውስጥ ይገባል አሉ። ምን ይባላል? ዕድላዊት ሙዟን ነቅላ በቆሎ ልትዘራ ነው።

ቁጥር ቢሉን አንቀየምም ነበር።

ማዕረጉ እንዳይነካበት ብቻ የሚለምን ታዛዥዎ፣
አቶ ዕዝራ አሮን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ሰኔ ተመርቀው ዶክተር ሊባሉ መሆኑን ሰምተን እልል ብለናል። ነገር ግን አቶ የሚለው ማዕረግዎ አሁን በሁላችንም ፈቃድ ላይ ስላለ፣ እርስዎ ዶክተር የሆኑ ዕለት የኩልፎ ዳር ሙዝ በሙሉ ይቆማል። ምርቃቱን እንዲያዘገዩልን ሽማግሌ ልንልክ አስበን ነበር። እንደማይሆን ስናውቅ ተውነውና፣ ከወዲሁ ላሞቻችንን የበሰለ ሙዝ እያስለመድን ነው።