ሃያ ሰባተኛውን ክፍል ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ መሳይ
የግራር ቴሌቪዥን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእጃችሁ የሚገኘውን ለቅሶ እንድትመልሱልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሚቀመጡባት ተሽከርካሪ ወንበር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዐይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ጽፈንልዎ የመለሱልን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም ላልጠየቅንዎት ጥያቄ ስለሆነ፣ ስለ ዐይንዎ መስጋታችን አልቀረም።

እኔ ዲበኩሉ አምባዬ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ዛሬ በአዳማ የባቡር ጣቢያው ሠፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። «የጣቢያው ደወል» የተባለውን፣ ባቡሩ ለከተማችን ሁሉ ነገሯ በነበረበት ዘመን ስለኖሩ ሰዎች የሠራችሁትን ተከታታይ ድራማ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሃያ ስድስተኛው ክፍል አንድም ሳላጎድል ተመልክቻለሁ። በየክፍሉ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ በአራተኛው ክፍል የጣቢያው አለቃ ኮፍያ ተጣሞ እንደነበር ሳይቀር ጽፌአለሁ። እድራችንም ደርግ ሲመጣ ያላሻሻለውን፣ ደርግ ሲሄድም ያላሻሻለውን መተዳደሪያ ደንብ ለእናንተ ሲል አሻሽሎ፣ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት የነበረውን ወርኃዊ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ወደ ስምንት ሰዓት አዛውሯል። አምና አንድ አባላችን ሲያርፉ ልጆቻቸው ቀብሩ ከዘጠኝ ሰዓት እንዳያልፍ የለመኑን፣ ሟቹ ራሳቸው ድራማው ሲያመልጣቸው ስለማይወዱ ነበር። እንዲህ ያለ ተመልካች ስለነበራችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ እያልኩ ወደ ቅሬታዬ እገባለሁ።

አንደኛ፦ ድራማው መቆሙን የነገራችሁን ከፍራሽ ማስታወቂያ ሥር በሚሮጥ ጽሑፍ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቅርብ ዘመድ ይጠራል፣ ሰው ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ ደጋፊ በአጠገቡ ይቆማል። እናንተ ፍራሹን ማዘጋጀታችሁ ግን ለሚወድቀው አስባችሁ ይሆናልና ስለ አሳቢነታችሁ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ በሃያ ስድስተኛው ክፍል መጨረሻ ጽጌ፣ የባቡር ነጂው የአሥራት እጮኛ፣ ከጣቢያው በረንዳ ላይ ስለ እሱ የተላከውን ፖስታ እስከ ግማሽ ድረስ ቀድዳ ቆማለች። አምስት ወር ሆናት። እርስዎስ ተቀምጠዋል።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ሻይ ይዘዙ።

አዘጋጅዋ ሊዲ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ልጅ፣ ለሃያ ሰባተኛው ክፍል የአሥራትን ለቅሶ እዚሁ ጣቢያው ሠፈር ልትቀርጽ መጥታ የእድራችንን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሃምሳ አልቃሽ ጠየቀችን። ደስ እያለን ሰጠን። የአሥራት እኅት ሆነው እንዲያለቅሱም ወይዘሮ ዘውድነሽን መረጠች፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ እንጂ ትወና የሚባል ነገር አያውቁም። ሊዲ ያላወቀችውን እኛ እናውቅ ነበር። የወይዘሮ ዘውድነሽ ታናሽ ወንድም ንዋይ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ነበር፤ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ባቡር ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። መርዶ ላልመጣለት ሰው ደግሞ ድንኳን አይተከልም፤ እናታቸው በር በሩን እያዩ አለፉ፣ እሳቸውም አርባ ስምንት ዓመት እንዲሁ ኖሩ።

የቀረጻው ዕለት ሊዲ ነገሩ እውነት እንዲመስል የእድሩ ጥሩምባ ማለዳ እንዲነፋ ፈለገች። ጥሩምባ ነፊያችን ሀሰን አርባ ዓመት የሠራው ሥራ ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ የጠራው የእውነተኛ ሰው ስም በመሆኑ፣ አፉ እንደለመደው፣ በድራማው ስም ፋንታ «የወይዘሮ ዘውድነሽ ወንድም አርፏል» ብሎ ሠፈሩን ዞረው። ምስኪን፣ ያደረገውን ያወቀው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ ነው። ሃምሳ ሰው ተጠርቶ አራት መቶ ሰው መጣ። መርዶው ደረሰ ተብሎ ባቱ ድረስ ተደውሎ፣ የእኅታቸው ልጅ ቦንቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ እያለቀሰች ገባች። ካሜራውን ያየ ሁሉ ለውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ቀረጻ መሰለው።

ማንም ሰው ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘንድ ቀርቦ ስሕተት ነው ሊል አልደፈረም፤ እኔም አልደፈርኩም። እሳቸው አሥራት ማለት ሲገባቸው «ንዋይዬ» ብለው ጮኹ፤ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ሳሉ ሊያለቅሱት የሚገባውን እንባ በዚያች ጠዋት አወጡት። ሊዲ ቀረጻው ይቁም አላለችም፤ እሷም ከካሜራው ኋላ ታለቅስ ነበር። ቀረጻው አልቆ ሠራተኞቻችሁ ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ጋሮምሳ ካስማው ላይ ቆመው «ሂንታኡ፣ ልጄ፣ አይሆንም፤ የተለቀሰበት ድንኳን በዕለቱ አይነቀልም» አሉ። ስለዚህ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሠራተኞቻችሁም ከእኛ ጋር ተቀምጠው በሉ፣ ንፍሮም ቃሙ፣ መብራት የሚይዘው ልጃችሁ ሁለተኛው ቀን ላይ ወንበር ሲደረድር ነበር። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዘውድነሽ ከል ለበሱ፤ ፊታቸው አርፎ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፦ ይህ ለቅሶ በሃያ ሰባተኛው ክፍል እንደሚታይ ስለተነገረን ከባቱም ከሻሸመኔም ዘመድ ተጠርቶ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ የወይዘሮ ዘውድነሽ ሳሎን ሞልቶ እስከ ደጅ ተቀመጠ። የፍራሹን ጽሑፍ ከእኛ መሀል ያነበበ ቢኖርም ለእሳቸው የሚነግር አንጀት አላገኘም፤ ምናልባት ቃላችሁን ታከብራላችሁ ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። በሰዓቱ የመጣው «ገምተህ ውሰድ» የተባለው አዲሱ ጨዋታችሁ ነው። አንድ ሰውዬ በቅርጫት ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ ይገምት ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ለቅሶው ቀጥሎ ይመጣል ብለው እንቁላሉ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተመለከቱ።

አምስተኛውን የምጽፈው በንዴት ነው፤ በትሕትና ስም ልደብቅዎት አልፈልግም። በፊርማዎ የደረሰን ብቸኛ መልስ ድራማው የቆመው «በአዳማ በተደረገው ቀረጻ ላይ በነዋሪዎች ምክንያት በተፈጠረ የሦስት ቀን መጓተት» ነው ይላል። እኔ ሞኙ አስቀድሜ ሳላነብ በስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከስብሰባው በኋላ እጄን ይዘው፣ እኔ የድራማው አፍቃሪ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ «ዲበኩሉ፣ የምትወደውን ነገር በእኔ ለቅሶ አበላሸሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ እድሩ አይመጡም፤ ሰው እንዳያገኛቸው ገበያ የሚሄዱት በላይኛው መንገድ ዞረው ነው። በስተርጅና የተገኘች ዕረፍት ወንጀል ሆነችባቸው።

በኋላ ሊዲ ስልክ ደውላ እየተሳቀቀች እንደነገረችን፣ ድራማው እንዲቆም የወሰናችሁት እኛ ድንኳን ከመትከላችን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ለእሷ እንኳ አልነገራችኋትም። እንግዲህ ክቡርነትዎ የማይታይ ለቅሶ አስቀረጹ፣ ከዚያም የራስዎን ውሳኔ በአንዲት ወንድም የጠፋባቸው ባልቴት ጫንቃ ላይ ጫኑት። ሥራ አስኪያጅ የሚያሰኘው ይህ ዓይነቱ አርቆ አሳቢነት ከሆነ እኛ ቀብረን ብቻ መኖራችን ምንኛ ኋላ ቀርነት ነው።

ከዚህ በላይ አላደክምዎትም። ድራማው ይቀጥል ብዬ አልለምንም፤ ምንም እንኳ እሑድ አሥር ሰዓት ሲሆን የት እንደምቀመጥ እስካሁን ባላውቅም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የዚያን ጠዋት ቀረጻ ይላኩልን፤ ለእናንተ የተጣለ ክፍል ነው፣ ለእኛ ግን የንዋይ ለቅሶ ነው፣ ሌላ የለውም። ሁለተኛው፣ በዚያው ፊርማዎ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ በእርስዎ ምክንያት አይደለም» የምትል። እንደ እንቁላሉ መገመት አያስፈልጋትም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለሃያ ስድስቱ እሑዶች፣ ንፍሯችንን አብረው ለቃሙት ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ የስብሰባ ሰዓታችንን እንደገና እንድናሻሽል ዕድል ስለሰጡን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንደተሽከረከረች፣ ስልክዎ እንደተያዘ፣ ሕሊናዎም እስካሁን እንደተኛው በሰላም እንዲሰነብት እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር
ዲበኩሉ አምባዬ
የእድሩ ጸሐፊና የቀድሞ ተመልካችዎ
አዳማ

ግልባጭ፦
ለአዘጋጅ ሊዲ፣ ባለችበት
ለጽጌ፣ ፖስታውን እንደያዘች ለቆመችበት ጣቢያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ከቢሮዎ ተደውሎ «ገምተህ ውሰድ» አዳማ ላይ ሊቀረጽ ስለሆነ ድንኳናችንንና የሚያጨበጭቡ፣ ፊታቸው ፈገግ ያለ ሃምሳ ሰዎች እንድናውስ ተጠይቀናል። እድሩ እንቢ ሊል ሲል ወሬው ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘንድ ደርሶ፣ «ያጓተትኩባቸውን ሦስት ቀን የምክሳቸው እኔ ነኝ» ብለው ነጠላቸውን አጥበዋል። እሺ ብለናል፤ እሳቸውን ፊት ለፊት ያስቀምጡልን። ለማጨብጨብ ብዬ እሄዳለሁ ቢሉም፣ ካሜራችሁን ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ አላውቅም። ደንባችንን ግን አስቀድመው ይወቁ፤ የተለቀሰበት ድንኳን ሦስት ቀን አይነቀልም፣ በዚህኛው ተራ አብረውን የሚቀመጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።