የክርስትና ልጄና እድራችን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ወደ ዊልስደን ገበያ ወርጄ ዳቦና ሽንኩርት ገዛሁ። የሚስቴን የብፅዓትን አበባ ውሃ አጠጣሁ። እሷ ካረፈች ወዲህ ማበቡን ትቷል… ግን አልደረቀም።

ዓይናዲስ ደወለች። "አበልጄ፣ እሑድ ልጅዎ ይመጣል። እድሩ ውስጥ በራሱ ስም ሊመዘገብ ነው" አለችኝ። ልጅዎ የምትለኝ ሳዶቅን ነው። የወለደችው እሷ፣ ክርስትና ያነሣሁት እኔ። እስካሁን በእናቱ ስም ሥር ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ነርስ ነው፣ ስትሪትሃም ሰፈር ቤት ይዟል። ጊዜው ደርሷል።

ደስ አለኝ። ስሙን በራሴ እጅ ልጽፈው ነው። የእድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው የሞተ ሰው ስም ነው…

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከየት ልጀምር?

ስብሰባው እንደ ወትሮው ነበር። አዳራሹ ይበርዳል። የምንከራያቸው የፈረንጆቹ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማሞቂያውን የሚያበሩልን ልንወጣ ስንል ነው። ሳዶቅ ከእናቱ ጋር መጣ፣ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

የእድራችን ዳኛ መኩሪያ "እህ፣ ጎጆ ወጣህ ወይስ አሁንም የናትህን ወጥ ነው የምትበላው?" ብሎ ቀለደበት። ሰው ሳቀ።

"ወጥቻለሁ፣ ጋሽ መኩሪያ። ባለቤቴም አብሮኝ ይመዝገብ። ስሙ ቶም ነው። ዓምና ነው የተጋባነው።"

ሳቁ ቆመ። መኩሪያ የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ "ቶም ማነው?" አለ።

"ባለቤቴ።"

"ባለቤትህ ማለት…"

"ባለቤቴ ማለት ባለቤቴ ነው። ደብቄ መመዝገብ እችል ነበር። ግን ነገ እናቴን ብቀብር አጠገቤ ሲቆም ማነው ይሄ ብላችሁ ገፍትራችሁ እንድታወጡት አልፈልግም።"

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። የሳዶቅን ስም ጽፌ ጨርሻለሁ። ሰው ሁሉ ወደ መኩሪያ አየ፣ ሳዶቅ ግን ወደ እኔ ነበር የሚያየው። እስክሪብቶውን ከደንኩት… ለምን ከደንኩት? ማንም ክደን አላለኝም።

መኩሪያ "ነገሩ ይታይ፣ ለኅዳሩ ስብሰባ ይደር" አለ። ሳዶቅ "ኦኬ" ብሎ ወጣ። ዓይናዲስ ነጠላዋን ሰብስባ ተከተለችው። ማንም አልሰደበውም። እኔም አልሰደብኩትም። ምን አልኩ ታዲያ? ምንም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አልደወልኩለትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

መኩሪያ ቤቴ መጣ። ጠበቃ ጋ ሄዶ ነበር።

"የዚህ አገር ሕግ ይዞናል" አለኝ፣ ኮቱን ሳያወልቅ። "ሃያ አምስት ሰውና ከዚያ በላይ የያዘ ማኅበር ሰውን በጾታ ዝንባሌው አልቀበልም ማለት አይችልም። እኛ ደግሞ ስንት ቤት ነን።"

"ታዲያ?"

"መውጫ አለው። የሃይማኖት ማኅበር ከሆንን ሌላ ነው ይላል ጠበቃው። ደንቡ ላይ 'የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን እድር' ብለን እንጨምራለን። በቃ። ልጁን ማንም በስሙ ጠርቶ አላባረረውም። አንተ ጽሑፍህ ያምራል፣ ጻፈውና በዋትስአፕ ለሁሉም ልላከው።"

ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ሳዶቅን ዓይኑን እያየሁ አይሆንም ማለት ቀረልኝ ብዬ… አይሆንም የሚለው ደንቡ ነው፣ እኔ አይደለሁም ብዬ። መኩሪያ ክፉ ሰው አይደለም። ብፅዓት ስትሞት ሶፋዬ ላይ ተኝቶ የሰነበተ ሰው ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እምቢ ማለት ያቃተኝ። ምናልባትም አይደለም።

ማታ ጸሎት ላይ ሐሳቤ ይበተናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አኑዋርን ባስ ፌርማታው ላይ አገኘሁት። ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ አብረን ያረጀን ሰው ነው። እድሩን ስናቋቁም ከነበሩት አሁን ቆመን የምንሄደው እሱ፣ መኩሪያና እኔ ብቻ ነን።

ገና ከሩቅ "ገብሬ! ስሞት አጥምቃችሁ ነው የምትቀብሩኝ ወይስ እንዲሁ?" አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የኔ እጅ ጽሑፍ፣ ፎቶ ተነሥቶ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን…

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አኑዋር ትዝም አላለኝም። ስጽፈው ትዝ አላለኝም! ሠላሳ ምናምን ዓመት ለቅሶ ላይ የጾም ብቻ የምናቀርበው እኮ ለነሱ፣ ለሙስሊሞቹ ሲባል ነው፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ። እንዴት አድርጌ ረሳሁት?

"መኩሪያ አስቦበታል" አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። "የክብር አባል ትሆናላችሁ።"

"የክብር። የብፅዓትን ሳጥን የተሸከምኩት በክብር አባልነት ነበር?"

ባሱ መጣ። አልተሳፈርንም።

"ስለ ልጁ ልትነግረኝ ከሆነ እኔም በሃይማኖቴ አልቀበለውም" አለ። "ቤቴ መጥቶ ቢጠይቀኝ ይሄንኑ ነው የምነግረው። ግን ፋብሪካው ትዝ ይልሃል? አለቃው እኔን ጁምዓ፣ አንተን ገና ሲከለክለን?"

ትዝ ይለኛል። የሠራተኛ ማኅበሯ ሴትዮ ሕጉን ይዛ መጥታ ቢሮው ውስጥ ቁጭ አርጋ አነበበችለት። ሃይማኖት የሚለውን ስታነብ እኔና አኑዋር ተያየን። ከሱ ዝቅ ብሎ የጾታ ዝንባሌ ይላል፣ እሱንም አነበበችው።

"የኛን ይዘን ወጣን" አለ አኑዋር። "ያኛው ይሰረዝ ያለ ከመሃከላችን አልነበረም። ዛሬ እሱን ለመቁረጥ ስትሉ መቀሱ እኔ ላይ አረፈ። ነገ ደግሞ አንተ ላይ የሚያሳርፍ አለቃ አይጠፋም።"

"ይቅርታ አኑዋር" አልኩት።

"ለኔ ይቅርታው ቀላል ነው። እኔን ረስተህ ነው። ልጁን ግን አልረሳኸውም።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዓይናዲስ መጣች። ግቢ ብላት በሩ ላይ ቆመች።

"መኩሪያ ያለውን ይበል፣ ባዕድ ነው" አለችኝ። "እርስዎ ግን አበልጄ ነዎት። በአርባ ቀኑ አፍ ስላልነበረው ስለሱ የመለሱት እርስዎ ነበሩ። ቄሱ ሲጠይቁ እየመለሱ፣ ልጄን አቅፈው። አሁን አፍ አውጥቶ ሲናገር እርስዎ ዝም አሉ።"

"ዓይናዲስ፣ እኔ እኮ ሃይማኖቴ…"

"ሃይማኖትዎን ማን ነካ? ተክሊል ድፉልኝ አለ? ስንሞት አብራችሁን ቁሙ ነው ያለው።"

ቆይታ፣ "እኔም ሲነግረኝ አልቅሻለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ስለት ተስያለሁ እንዲለወጥ። አልተለወጠም። ልጄ ነው" አለች። "እሱን ካላስገባችሁ እኔም እወጣለሁ። ካውንስሉ እንደ ዘመድ አልባ ይቅበረኝ።"

ይሄን ያለችው የልደታን ቀን ሳትዘክር የማታልፍ ሴት ናት። ያለ እድር መሞት ማለት ለሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደረጃውን ስትወርድ መብራት እንኳ አላበራሁላትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አስቀድሼ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እስክሪብቶውንም ጭምር።

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ፣ "ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አልለውጠውም" አሉ። "ግን እድር ምን ይሠራል?"

"ያስተዛዝናል። ይቀብራል።"

"ያቆርባል?"

"አያቆርብም፣ አባቴ።"

"እንግዲያ ለምን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ታለብሱታላችሁ? ያውም ሰው ለማስወጣት። ኃጢአት የሚታየው ከንስሐ አባት ፊት ነው፣ ስብሰባ ላይ በእጅ ብልጫ አይደለም።"

ስለ ሕጉም ጠየቅኳቸው። ብዙዎቻችን ሕጉን እንደ ጠላት ነው የምናየው፣ ምን ይላሉ አልኳቸው።

"ሕጉ ቅዳሴያችን ውስጥ አልገባም። ሰውን ከሥራው፣ ከቤቱ፣ ከማኅበሩ አታስወጡ ነው የሚለው። ይሄ እንዲቀር ምን ብዬ ልጸልይ? እኔ አልችልበትም። አንተ የምትችልበት ከሆነ አስተምረኝ።"

ሳቄ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከዚያ "ልጁን አነጋግረኸዋል?" አሉኝ።

አላነጋገርኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጾሙ ገብቷል። አዳራሹ ሞልቷል። ሳዶቅ አልመጣም።

መኩሪያ ማሻሻያውን አነበበ። በኔ ጽሑፍ። አስተያየት ካለ ሲል ተነሣሁ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እንዳትቀበሉት እለምናለሁ። አንድ ልጅ ላለማስገባት አኑዋርን ልናስወጣ ነው። አኑዋርን ባናስወጣም ልጁ ልጃችን ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ሲድህ ያደገ። ይሄ ሰው አታግልሉ የሚለው ሕግ የሌላ ሰው ሕግ ይመስለን ነበር። ገናን እቤቴ እንድውል ያደረገኝ ይኸው ሕግ ነው። እኔ የምጾም ሰው ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። የምጾም ሰው ሆኜ ነው ሕጉን እደግፋለሁ የምለው።"

ከኋላ አንዱ "የክርስትና ልጁ ስለሆነ ነው!" አለ።

"አዎ፣ ስለሆነ ነው" አልኩ። "እናንተም ልጆች አሏችሁ።"

መኩሪያ እጅ አስቆጠረ። ማሻሻያው ወደቀ፣ በጥቂት ሰው። ብዙ ሴቶች ተቃወሙት። አኑዋር እጁን ሲያወጣ ወደ እኔ አላየም። መኩሪያ ደንቡን አጥፎ "እንግዲህ ደንቡ ባለበት ይቆያል። ልጁ ሲመጣ ትመዘግበዋለህ" አለኝ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ግን ወንበር ሲሰበስብ እንደ ወትሮው ከባዶቹን ለራሱ ወሰደ።

ዓይናዲስ መጣች። "እግዜር ይስጥልኝ አበልጄ። ግን ለኔ አይንገሩኝ፣ ለሱ ይንገሩት።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ደወልኩ። አላነሣም። ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከ፦ "እናቴ ነገረችኝ። ታንክ ዩ አባባ። አሁን ግን መመዝገብ አልፈልግም።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ስትሪትሃም ሄድኩ። ቤቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የክርስትና ልጄን ቤት…

በሩን የከፈተው ቶም ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ አፋር። ጾም መሆኑን ሳዶቅ ነግሮት ለሻዩ የአጃ ወተት ገዝቷል። ቀምሼ አላውቅም ነበር። መልካም ነው።

ሳዶቅ ሳመኝ። ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቅ አልኩና ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እስክሪብቶውን መክደን አልነበረብኝም" ብቻ አልኩ።

"አይቼዎት ነበር" አለ። ቀስ ብሎ፣ "አባባ፣ እጅ አውጥታችሁ አስገባችሁኝ። ሌላ ሦስት አራት ሰው ቢያወጣ ደግሞ ወጥቼ ነበር ማለት ነው። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ስብሰባውም አይጠራም ነበር፣ ያን ቀን ነበር የሚያልቀው። አይደለም?"

አዎ አልኩት። ምን ልዋሽ።

"ለዚህ ነው ሕጉን የምወደው። ቢያንስ እንድትሰበሰቡ አደረጋችሁ። ግን… አይ ዶንት ኖው። ጠበቃ አማክረው ሊያስገቡኝ የተስማሙ ሰዎች እናቴን ሲቀብሩ ማየት እፈልግ እንደሆነ አላውቅም።"

ከዚያ ያሰብኩትን ጠየቅሁት። "ብፅዓትና እኔ አልወለድንም። እኔ ስሞት ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የለኝም። አንተ ተቀመጥልኝ።"

ዓይኑ እርጥብ አለ። የሕፃንነቱ ዓይን። "ቶምስ? አጠገቤ ይቀመጣል?"

ዝም አልኩ። ብዙ አይደለም። አዳራሹ መጣብኝ፣ ቄሶቹ፣ የመኩሪያ ፊት፣ የሴቶቹ ሹክሹክታ፣ እኔ ሳጥን ውስጥ ሆኜ እንኳ የማፍር መሰለኝ… "ይቀመጣል" አልኩ።

"ቆዩ" አለ ሳዶቅ። አልተቆጣም። ይልቅ ፈገግ አለ፣ እንደ ታላቅ ሰው። "ሲያስቡ አየሁዎት። ኢትስ ኦኬ። ሳያስቡ የሚመልሱ ቀን እንደገና ይጠይቁኝ።"

ቶም ምን ተባባላችሁ ብሎ ጠየቀው። ሳዶቅ የሆነ ነገር መለሰለት፣ ቶም ወደ እኔ አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳለው አልጠየቅሁም። ሲሸኙኝ ሁለቱም ፌርማታው ድረስ መጡ። ባሱ እስኪመጣ ቆሙ።

የባሱ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አሁን ሥራዬ ይኼ ነው አልኩ ለራሴ። ይቀመጣል። ይቀመጣል። ይቀመጣል… ቃሉ ካፌ ሳይዘገይ እስኪወጣ። ማዶ የተቀመጠች ሴትዮ በስልክ የማወራ መስሏት ድምፅህን ቀንስ በሚል ዓይን አየችኝ።

አልቀነስኩም።