ከመስታወቱ እግር ሥር

ውድ ዶክተር፣

ውድ ያልኩዎ ለወጉ ነው። ሁለት ዓመት የደበቅሁትን የራሴን ጥፋት ላስቀድም፤ የእርስዎም ይደርሳል። ያቺን የብርሃን ነጥብ ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

መስታወት ጠራጊ ብሆንም ዓይን አለኝ። በቤተ ሙከራዎ ከሌዘሩ የወጣው ብርሃን ፊት ለፊቱ ያለውን መስታወት ነክቶ ከፊሉ ወደ ሌዘሩ ይመለሳል፣ ከፊሉ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። የመስታወቱ እግር ቢወላገድብኝ፣ የባለቤቴን የሐኪም ቤት ቀጠሮ ወረቀት አራት አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥኩ። ያን ጊዜ የተበተነው ብርሃን ተሰብስቦ፣ ምስር የምታህል ነጥብ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ካለችበት ንቅንቅ የለም። እርስዎ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩና፣ «አባባ፣ ይቺ በእኛ መካከል ትቅር። በቁራጭ ወረቀት ተገኘ ቢባል ማን ያምነናል?» አሉኝ። ሳቅሁ። እርስዎ «በስሌት ያስተካከልኩት» ብለው ጻፉ።

ባለቤቴ ስታርፍ ግን፣ ስሟ ያለበት ወረቀት ብረት ተጭኖት መዋሉ አንጀቴን በላው። መዝዤ ኪሴ ከተትኩት። ነጥቧ ጠፋች። እርስዎ አጎንብሰው ባዶውን እግር አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ «መነጽሬ» ወደሚሏት ተማሪዎ ዞረው፣ «አንቺንማ ብርሃን ራሱ ጠልቶሻል» አሏት። ሌዘሩን አበላሸች ብለው አስባረሯት። ስሌትዎ ከሚያፍር የሰው ልጅ ይፈር ብለው ኖሯል?

እርስዎ ወደ ትልቁ ቦታ ተዛወሩ፤ እሷ የስልክ መሸፈኛ ትሸጣለች። እኔ ስጸልይ «አፌን ዝጋልኝ» እል ነበር፤ ለካ ፍርሃቴን ነው ጸሎት ያለበስኩት። ባለፈው ሳምንት ሱቋ ስገባ አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር እንዴ? እስካሁን እሱኑ አስባለሁ» አለችኝ። ነደድኩ፤ በእርስዎ፣ ከእርስዎም ይበልጥ በራሴ።

ነጥቧን ልመልስ ብዬ ሌላ ወረቀት አጥፌ ሞከርኩ። አንዱ ወፈረ፣ ሌላው ሳሳ። ዛሬ ጠዋት እሷን ጠርቼ፣ እርስዎን የተካው አዲሱ ኃላፊም ባለበት፣ የባለቤቴን ወረቀት ከከንፈሬ አስነክቼ መልሼ ሸጎጥኩት። ነጥቧ መጥታ ቆመች። ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ እንደገና አየች። እኔ የሥራ መዝገቡን ስቤ፣ የወረቀቱን ነገር፣ እርስዎ ያዩትን፣ እኔ ዝም ያልኩትን አንድ ሳላስቀር በእጄ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። ወረቀቱንም እዚያው ተውኩት።

መስታወት ጠራጊው