ወይዘሮ ወርቅውሃ አድማሱ እና የኤልምስኮት የመስታወት መተላለፊያ

በጅማ ከተማ፣ ከግንበኛው ከአቶ አድማሱ ደጀኔና ከወይዘሮ ፅጌ ኃይሉ ቤት፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ እ.ኤ.አ. በ1950 ሦስተኛ ልጅ ሆነው ይህን ዓለም ተቀላቀሉ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው አዲስ አበባ ሕንፃ ኮሌጅ ገቡ፤ በ1973 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው ቀሩና የቆዩ ቤቶችን በሚያድስ የአርክቴክቶች ቢሮ ሥራ ያዙ።

በ1978 ኤልምስኮት የተባለ ትልቅ የገጠር መኖሪያ ቤት እድሳት ደረሳቸው። የድንጋይ አዳራሹ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ኋላ የመጡ ባለቤቶች ፊቱን ቀይ ጡብ አልብሰው መስኮቶቹን እኩል ደረደሩ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ደግሞ ከጀርባው ማማ ያለው ቤትና በረንዳ ተቀጠለበት። በየመሐሉ ደረጃ ስለነበር በዊልቸር የሚሄዱት የባለቤቱ እናት ወደ አትክልቱ መውጣት አልቻሉም። ወይዘሮ ወርቅውሃ በረንዳውን አስፈርሰው ደረጃ የሌለው የመስታወት መተላለፊያ ሠሩላቸው። ራሳቸው ነድፈው ለፍጻሜ ያበቁት የመጀመሪያ ሥራቸው ነበርና ይኮሩበት ነበር።

በ1980 ከአቶ ግሩም ዘሪሁን ጋር ለንደን ውስጥ ተጋቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ መጥተው እዚያው አጠገብ ሃውቶርን ከተማ ተቀመጡ፤ ዶርቃንና አቢጋኤልንም ወለዱ። ሚራክል ማይል ሰፈር በሚገኝ የአርክቴክቶች ቢሮ እስከ 2012 ሠርተው ጡረታ ወጡ። የኢትዮጵያውያን ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሁሉ «እትዬ ወርቅውሃ፣ ይቺን ግድግዳ ባፈርሳት ችግር አለው?» እያለ ይደውልላቸው ነበር። እሳቸውም ድራይቭ አድርገው ሄደው ሳያዩ መልስ አይሰጡም ነበር።

በ2014 ኤልምስኮትን ለአቶ ግሩም ሊያሳዩ ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ቤቱ ለጎብኚ ተከፍቷል። አስጎብኚዋ መተላለፊያው ጋ ስትደርስ፣ «ይህ በኋላ የተቀጠለ ነው፤ ከቤቱ ጋር ስለማይሄድ ሊፈርስ ታስቧል» አለች።

የአቶ ግሩም ደም ፈላ። «የሠራችው ሰው ፊትሽ ቆማለች እኮ!» አሏት።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ግን ሳቁ። «ተው እንጂ ግሩሜ፣ እኔስ የሌላ ሰው በረንዳ አስፈርሼ አይደል የሠራሁት?»

አስጎብኚዋ ደንግጣ የቤቱን ኃላፊ ጠራች። ኃላፊው፣ «ቢፈርስ ቅር ይልዎታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ቅር ይለኛል እንጂ! ግን ከእኔ ቅሬታ ይልቅ ደረጃ መውጣት የማይችለውን ሰው አስቡ። ለእሱ ሌላ መንገድ ሳትሠሩ እንዳታፈርሱት» አሉት።

በ2016 መተላለፊያው ባለበት እንዲቆይ መወሰኑ ተነገራቸው። የዚያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡን በሙሉ ፌርፋክስ ወስደው ምሳ ጋበዙ፤ «ብሉ እንጂ፣ ምን ትሽኮረመማላችሁ!» ሲሉ ዋሉ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2018፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ጅማ ያሉትን እህታቸውን ወይዘሮ ዘሪቱን ትተዋል። በመጨረሻው ሳምንት እንዴት እንደሆኑ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው፣ «ደክሞኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል» የሚል ነበር።

የወደዱት ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ ለጋሼ ግሩምና ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ያብዛላቸው። አሜን።