የቦራ ምስክርነት

መካነ ሰላም፣ ሐምሌ ፬ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ውድ ሞላ፣

ማንበብና መጻፍ ለማይችለው የከተማችን ሰው ሁሉ «ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ ደህና ነኝ» እያልሁ ስጽፍለት ኖሬአለሁ። ካስጻፉኝ ሰዎች አንዱም ደህና አልነበረም። ዛሬ ለራሴ ስጽፍ ያችን ዐረፍተ ነገር ዘለልኋት።

ደብዳቤውን ወደ ደሴ ለሚወርድ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ያለህበትን ስለማላውቅ ፖስታው ላይ «ባለበት» ብዬ ጽፌአለሁ። ፍርድ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ መጥሪያ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ቢኖር የማስቀጣው እኔ ነበርሁ።

በመጋቢት የተራቡትን ቤቶች ዝርዝር ይዘህ ወደ ደሴ ስትሄድ አቤቱታውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ይዘኸው የሄድህ ግን አንተ ነህ። የሥራ ክፍፍላችን ከተማሪ ቤት ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ትሄዳለህ። ጭነት መኪናው ላይ ቆመህ እናትህን፣ እኅትህንና ፈረስህን አደራ አልኸኝ። ፈረሱን መጨረሻ ላይ ብትጠራውም ዓይንህ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይኸው አራት ወር ሊሞላ ነው፤ አንድ ቃል የለም። ሰሞኑን ሬዲዮ የታሰሩትን ትልልቅ ሰዎች ስም ያነባል። ሰዉ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል፤ እኔም እሰማለሁ። የትንንሾቹን ስም ግን የሚያነብ የለም።

ገብሱ የፋሲካ ማግሥት አለቀ። እኔም ቆላ ካሉት ዘመዶቼ ሦስት አህያ ጭነት ጓያ አስመጣሁ። ሌላው አዝመራ ሁሉ ሲከስም ጓያ ብቻ ነበር የቆመው። እናትህ እማማ አልታዬ ሲመርቁኝ ዋሉ። እኔም አላፈርሁም፤ ጀግና መስዬ ቆሜ «አሜን» እያልሁ ተቀበልሁ። ፈረስህ ቦራም ጥሬውን ጠዋትና ማታ ድርሻውን አገኘ።

ጓያ እግር እንደሚሰብር የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ጥንቃቄ አላጓደልንም። እኅትህ ይታይሽ ስትቀቅል እንፋሎቱ እንዳያገኛት እግሯን በጋቢ ትጠቀልላለች፤ ድስቱን ስትከፍት ፊቷን ታዞራለች። ገለባው ላይ ማንም አይቀመጥም። ይህን ሁሉ ከተጠነቀቅን በኋላ ከብበን እንበላዋለን።

ሰኔ ሃያ ቀን ቦራ ተለወጠ።

ታውቀዋለህ፤ ሕፃን በሆዱ ሥር ቢሹለከለክ የማይነቃነቅ፣ ከብዙዎቹ ዳኞቻችን ይልቅ የረጋ ፈረስ ነው። ያን ጠዋት ይታይሽ ውኃ ይዛ ስትቀርበው ደነበረ። እንደ ወናፍ የሚያጓራ ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ የኋላ እግሮቹን አንፈራጦ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ የአቀስታን መንገድ ትኩር ብሎ ያይ ጀመር። አንተ የሄድህበትን።

እማማ አልታዬ ከደጃፉ ላይ አዩት። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄን አየው» አሉ።

አባትህ የሞቱ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ፈረሳቸው ተሸልሞ ለቅሶው መሐል ሲዞር እንባ አወረደ ተባለ። እኔ «ዝንብ ነው» አልሁህ፤ ሦስት ቀን አኮረፍኸኝ። አሁንም «ዝንብ ነው» ልላቸው ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

«ፈረስ መንገድ ቢያይ ምን ይገርማል እማማ? ጋዜጣ ያንብብ?»

«አንተ ሁሉን ከመጽሐፍ ትፈልጋለህ ኑሬ። እንግዲያስ ምን ሆኖ ነው በለኝ!»

«ታሞ ይሆናላ።»

«ታሞ ከሆነ ሐኪም አምጣለት። አምላኬ ሆይ፣ ሕመም አድርግልኝ!»

ሰፈሩ ሁሉ ለፈረስህ ሕመም ይለምን ጀመር። የናንተዎቹ በቤተ ክርስቲያን፣ የኛዎቹ ከሶላት በኋላ። በዚህ ዓመት ሁላችን አንድ ላይ የተስማማንበት ልመና እሱ ብቻ ነው።

የከብት ሐኪሙ አቶ ፈንታው በዚያ ሳምንት የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የደስታ በሽታ ይከትብ ነበር። ከብት ለሚፈጅ በሽታ ይህን ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብልክለት ይመጣ ነበር። አልላክሁም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልላክሁም።

የፈራሁትን ልንገርህ፤ ለማንም አልተናገርሁትም። ሐኪሙ መጥቶ፣ ጆሮውንና አፉን አይቶ፣ «ይህ ፈረስ ምንም አልሆነም» ቢለኝስ? ያን ጊዜ በእናትህ ፊት ምን እመልሳለሁ? በራሴስ ፊት? ቀን ቀን በፈረስ ሟርት የማያምን ሰው ነኝ። ሲመሽ ግን የቦራ ማጓራት እስከ እኔ ቤት ይሰማኛል፤ ሚስቴ ኑርጃን «ምነው ትገላበጣለህ?» ትለኛለች። መዝገብ ካልተከፈተ ፍርድ የለም፤ እኔም መዝገቡን አልከፈትሁም።

በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ይታይሽ ሦስት ጊዜ ውኃ ደፋች። ሜዳ ላይ ተደናቀፈች። አንድ ቀን ከምንጭ ስትመለስ በእግሯ ጣቶች እየነጠረች አየኋት።

«ምነው ይቱ፣ ጠጅ ቤት ጎራ ብለሽ ነው?»

«ጠጅ ከየት አባቴ አግኝቼ ጋሼ? ባገኝማ እንኳን ላንተ ለእማዬም አላተርፍ!»

ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባቷን ታሽ ጀመር። አሁን ሳስበው ከፊቴ ነበረች። እኔ ግን ያንተን ሞት ከፈረስ ዓይን ውስጥ ስፈልግ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ስመጣ ኮርቻው ደጅ ወጥቶ ተዘርግቷል። እማማ አልታዬ ነጠላቸውን ከል ሊነክሩ ውኃ ጥደዋል።

«ነገ ሰው ልጠራ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ልጄ በሰው አገር ሳይለቀስለት አይቅር። ቦራም ተጭኖ ይውጣለት።»

አንተን ደሴ ከአንዱ ክፍል ግድግዳ ተደግፈህ ተቀምጠህ አየሁህ፤ እዚህ ደግሞ ሙሾው ይወርዳል። አንዴ ከተለቀሰልህ በሕይወት ብትኖርም የሚመልስህ ያለ አልመሰለኝም።

«አንድ ቀን ይስጡኝ እማማ። በሞላ ሞት!» አልሁ። በየትኛው ቃል እንደለመንኋቸው የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አፍጥጠው አዩኝ። «አንድ ቀን» አሉ።

ለአቶ ፈንታው እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ፈረስ ታሟል። ካልታመመም ቶሎ ድረስ።» እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ «አስተካክለህ ና» ብዬ እመልሰው ነበር።

በማግሥቱ ቀትር ላይ በበቅሎ ደረሰ። ቃል የሚሰስት አጭር ሰውዬ ነው። የቦራን አፍ ከፈተ፤ ዳገቷን አስወጣው፤ ትንፋሹን አዳመጠ፤ ወገቡን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው ቦራ የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉና ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ታሟል በለኝ የኔ ጌታ» አሉ እማማ አልታዬ።

«ኧረ በደንብ ታሟል፣ እናቴ።»

እልል አሉ! አጥሩን ተደግፎ ያለው ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። አቶ ፈንታው አእምሯችንን የሳትን መስሎት ወደ በቅሎው አየ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ፤ ዝንብ ነው በል።

«ምን ይበላል?» አለ እልልታው ሲበርድ።

«ጓያ» አልሁ፤ አሁንም ጥቂት ኩራት ነበረኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ይታይሽ እጁን ልታስታጥበው ማሰሮ ይዛ መጣች። እጁን ዘረጋላት እንጂ የሚያየው እግሯን ነበር።

«እናንተስ?» አለ። «እናንተ ምን ትበላላችሁ?»

እማማ አልታዬ ወደ ድስቱ አዩ።

«እኅቴ፣ ማሰሮውን አስቀምጪና እስቲ እስከ በሩ ደርሰሽ ተመለሽ።»

«ምነው፣ ልትገዛኝ ነው እንዴ? ጥርሴንም ልክፈትልህ?» አለች። አጥሩ ላይ ያሉት ሣቁ። ሄደች፤ ተመለሰች። ሞላ፣ ተረከዟ መሬት አልነካም። ጉልበቷና ጉልበቷ ይፋተጋል። ከኋላዋ የቆመው ቦራም በዚያው ዓይነት አቋቋም ቆሟል። ሣቁ ከአጥሩ ላይ አንድ በአንድ ጠፋ።

«እንፋሎቱን እኮ እጠነቀቃለሁ» አለች ይታይሽ፤ ጥፋት እንደተገኘባት ሁሉ።

«እንፋሎቱ ምን አደረገሽ። መብላቱ ነው።»

«ትድናለች?» አልሁት።

«እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ለሰው አልተማርሁም። ያየሁትን ልንገርህ፤ የሄደው አይመለስም። ከዛሬ ጀምሮ ከተወችው ግን ባለበት ሊቆም ይችላል።» በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ ዞር አለና «ሊቆም ይችላል ነው ያልሁት» አለኝ።

እማማ አልታዬ ኮርቻውን አንስተው ወደ ቤት ሲገቡ መቃኑ ላይ ቆም አሉ። «ቦራስ አልዋሸኝም ነበር፣ ኑሬ» አሉኝ። «የልጄን ነገር ነው የነገረኝ። የቱ ልጄ እንደሆነ አልጠየቅሁትም እንጂ።»

ጓያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዘጠኙን ቀን ያዘገየሁትም እኔ ነኝ፤ በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ጠዋትና ማታ በልታለች። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የጻፍሁልህ።

የቀረውን ጓያ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት፤ ሰው እንዳያወጣው አመድ ደባልቄበት። አሁን የምንበላው ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ ነው። ለመጪው ዓመት ምን እንደምዘራ ኑርጃን ጠይቃኝ «አብሽሪ» አልኋት። ቦራ በዝናቡ የበቀለውን ሣር ይግጣል፤ ማጓራቱ አልተወውም። እኔም በየማለዳው ሥራ ከመግባቴ በፊት እናንተ ቤት እደርስና ይታይሽን ውኃ እለምናታለሁ። ጠምቶኝ አይደለም፤ እሷም ታውቃለች። ስትሄድ ተረከዟን አያለሁ። ትናንት ከትናንት ወዲያው የባሰ መሰለኝ። ዛሬ ደግሞ ያው መሰለኝ። ከዚያ ከቤታችሁ ስወጣ፣ ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ፣ የራሴን ተረከዝ መሬቱ ላይ እጫናለሁ።

ነጠላው ከል አልተነከረም። ቦራ ስላንተ የሰጠው ምስክርነት የለም፤ ስለዚህ በሕግ ፊት በሕይወት አለህ፤ ይህንንም እንዳታፈርስብኝ።

ስትመጣ ከአቀስታ ወዲህ ፈረስ ይጠብቀኛል አትበል፤ በእግርህ ና። ቤት ስትገባ ደግሞ ታናሽህ ይታይሽ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ብትቀበልህ፣ ንቀት ነው ብለህ እንዳትቆጣት። አንተ ጎንበስ በልላት።

አደራህን በግማሽ የጠበቀው
ኑርሁሴን